ርስትና መጋቢነት፤ ስለ ሌናፔ ሕዝብ ምድርና ቅርስ የቀረበ ዳሰሳ

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፥ ዛሬ ኒው ዮርክና ፊላዴልፊያ የተባሉት ታላላቅ ከተሞች በተንሰራፉበት ምድር ላይ፥ የአውሮፓ መርከቦች ከመታየታቸው አስቀድሞ ለረዥም ዘመን ስለ ኖረው ስለ ሌናፔ ሕዝብ የተጻፉትን መጻሕፍት የመረመረ ሰው፥ ድርሰቶቹን በሁለት ወገን ተከፍለው ያገኛቸዋል። አንደኛው ወገን ስለ ወንዙና ስለ ደኑ፥ ስለ ዓሣውና ስለ አዝርዕቱ እየተረከ ሕዝቡን የፍጥረት ወዳጅ ብሎ ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ወገን ስለ ውልና ስለ ቃል ኪዳን፥ ስለ ጦርነትና ስለ ፍልሰት እየዘረዘረ ሕዝቡን የግፍ ሰለባ ብሎ ያዝንለታል። ምስጋናውም ሐዘኑም መሠረት ያላቸው ናቸው። ነገር ግን በሌናፔ ዘንድ ምድርን የመጠበቅ ጥበብና በምድሪቱ ላይ ተቀምጦ የመኖር መብት አንድ ነገር ነበሩና፥ መብቱ የተወሰደበትን ሕዝብ ስለ ጥበቡ ብቻ ማመስገን፥ ወይም ጥበቡን ረስቶ ስለ ተነጠቀው መሬት ብቻ ማዘን፥ ጉዳዩን ከመካከሉ መሰንጠቅ ነው። ይህ ዳሰሳ ሁለቱን ባንድነት ለመመልከት የተጻፈ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሌናፔ አገር፥ ዛሬ ሌናፔሆኪንግ ተብሎ የሚጠራው፥ የዴላዌርን ወንዝ ሸለቆ እስከ ባሕሩ ይዞ፥ የኒው ጀርሲን ግዛት፥ የፔንስልቬንያን ምሥራቅ፥ የዛሬዋን የዴላዌር ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፥ የሀድሰንን ወንዝ የታችኛውን ሸለቆ፥ የማንሃታንን ደሴትና የሎንግ አይላንድን ምዕራባዊ ጫፍ ያጠቃልል ነበር። በሰሜን መንሲ፥ በደቡብ ኡናሚ የሚባሉ ሁለት ተቀራራቢ ቋንቋዎች ይነገሩበት ነበር፤ ሁለቱም ከአልጎንኪያን ቋንቋዎች ቤተ ሰብ ናቸው፤ ከዚያም ቤተ ሰብ ብዙዎቹ ሕዝቦች ሌናፔዎችን አያቶቻችን እያሉ ያከብሯቸው ነበር። በመላው አገር ላይ የሚነግሥ ንጉሥ አልነበረም። እያንዳንዱ መንደር ሳኪማ የሚባል አለቃ ነበረው፤ እርሱም በምክርና በማሳመን እንጂ በማስገደድ አያስተዳድርም ነበር። የሰው ትውልድ የሚቈጠረው በእናቱ ወገን ሲሆን፥ ሕዝቡ ኤሊ፥ ተኵላና ተርኪ የተባለው የዱር ዶሮ ስማቸውን በሰጧቸው በሦስት ነገዶች ይመደብ ነበር፤ አለቅነትም በእናት በኩል ስለሚወረስ፥ የሳኪማው ወራሽ ወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ እንጂ የገዛ ልጁ አልነበረም። ዴላዌር የሚለውን ስም ግን የሰጧቸው ባዕዳን ናቸው፤ በ1610 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ባሕረ ሰላጤውን በቨርጂኒያው ገዥ በሎርድ ዴ ላ ዋር ስም ሰየመው፤ ስሙም ከባሕሩ ወደ ወንዙ፥ ከወንዙም ወደ ሕዝቡ ተላለፈ።

ስለ መጋቢነታቸው ሲነገር አስቀድሞ መታረም ያለበት፥ አውሮፓውያን ያገኙት ምድር የሰው እጅ ያልነካው ጫካ ነበር የሚለው አሳብ ነው። ሆላንዳዊው መርከበኛ ዴቪድ ዴ ቭሪስ በ1632 መጨረሻ ወደ ዴላዌር ባሕረ ሰላጤ ሲቃረብ፥ ምድሪቱ በዐይን ሳትታይ መልካም ሽታዋ በባሕር ላይ እንደ ደረሰው ጽፏል፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ፥ የአገሩ ተወላጆች በዚያ ወራት ለአደን ሲሉ ደኑን የሚያቃጥሉ መሆናቸውንና እንጨቱም መዓዛ ያለው መሆኑን ያነሣል። ስለ ኒው ኔዘርላንድ የጻፈው መጽሐፍ በ1655 የታተመለት አድሪያን ፋን ደር ዶንክም፥ ይህ እሳት በየዓመቱ ቅጠል ከረገፈ በኋላ፥ ያን ጊዜ ባልተቃጠለውም ስፍራ በሚያዝያ ገደማ፥ በልማድና በዐላማ የሚለኰስ እንደ ነበር ያስረዳል። እሳቱ ከዛፎቹ ሥር ያለውን ደረቅ ቅጠልና ቍጥቋጦ ይጠርጋል፤ አዳኙ ያለ ኰሽታ እንዲሄድ መንገድ ይከፍትለታል፤ በአመዱም ላይ የሚበቅለው ለምለም ሣር አጋዘኑን ይስባል። አዲስ መጤዎቹ እንደ ድንቅ ያዩት፥ ሰው በመካከሉ እንደ ልቡ ሊሄድበት የሚችለው ገላጣ ደን፥ የብዙ ትውልድ የእጅ ሥራ ነበር። ዛሬም በኒው ጀርሲ የጥድ ደኖች ውስጥ የመንግሥት የደን ጠባቂዎች፥ ታላቁን ቃጠሎ ለመከላከል ብለው፥ በተመረጠ ቀን ትንሹን እሳት ራሳቸው ይለኩሳሉ።

እርሻው የሴቶች ሥራ ነበር፤ የእርሻውም ፍሬ በእነርሱ እጅ ነበር። በቆሎ፥ አደንጓሬና ዱባ በአንድ የአፈር ጕብታ ላይ ባንድነት ይዘራሉ፤ አደንጓሬው በበቆሎው አገዳ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ናይትሮጅን ለአፈሩ ያስቀራል፤ የዱባውም ሰፊ ቅጠል ምድሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይጠብቃል፥ አረሙንም ያፍናል። መሬቱ በደከመ ጊዜ እንዲያርፍ ይተዉታል። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ፥ ሻድ የተባለው ዓሣ እንቍላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ወንዙ ሲወጣ ቤተ ሰቦች ወደ ወንዙ ዳር ይሰበሰባሉ፤ በበጋው ሙቀት ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወርደው ኦይስተር የተባለውን ባለ ዛጎል ፍጥረት ይለቅማሉ፤ ብርዱ ሲጀምር ለአደን ወደ ከፍተኛው አገር ይወጣሉ። በኒው ዮርክ ወደብ ዙሪያ የተገኙት የዛጎል ቍልሎች የዚህ ሥርዐት ምስክሮች ናቸው። በዚህ አኗኗር የዓመቱ ሸክም በብዙ ስፍራ ላይ ስለሚከፋፈል አንዱ ስፍራ ብቻውን ተበልቶ አያልቅም ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ የመጋቢነታቸው ምስጢር ከማንኛውም ስሜት ይልቅ በዚህ ሥርዐተ ዘመን ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ሌናፔዎች እንደ ሰው ሁሉ በፈተና ይወድቁ ነበር። የአውሮፓ ነጋዴዎች ብረትና ጨርቅ፥ ጠመንጃና አረቄ ይዘው የቢቨርን ቆዳ በጠየቁ ጊዜ፥ በማደኑ ሥራ እነርሱም ተሳትፈዋል፤ እንስሳውም በጠረፉ አካባቢ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ።

ለዚህ ሥርዐት ነፍስ የሚሰጠው ሃይማኖታቸው ነበር። ያስፐር ዳንካርትስ የተባለ ሆላንዳዊ መንገደኛ በ1679 ከአንድ ሽማግሌ አፍ እንደ ሰማው ትውፊት፥ በመጀመሪያ ሁሉ ውሃ ነበረ፤ ኤሊ ጀርባዋን ከውሃው በላይ ባነሣች ጊዜ ውሃው ከላይዋ ወርዶ ምድር ደረቀች፤ በምድሪቱም መካከል ዛፍ በቀለ፤ ከዛፉ ሥር በወጣው ቍጥቋጥ ላይ ወንድ ተገኘ፤ ዛፉም ጐንበስ ብሎ ጫፉ ምድርን በነካበት ስፍራ ከበቀለው ሌላ ቍጥቋጥ ሴት ተገኘች። እንግዲህ ሰው ከዛፍ የበቀለ፥ ዛፉም በሕያው ፍጥረት ጀርባ ላይ የቆመ ከሆነ፥ ምድርን እንደ ግዑዝ ሸቀጥ መቍጠር የሚቻልበት መንገድ የለም። የአራዊትም ጠባቂ የሆነ ሚሲንግ የሚሉት መንፈስ ነበረ፤ ፊቱ በቀኝ ቀይ፥ በግራ ጥቍር ሆኖ በእንጨት ጭንብል ይሣላል፤ አዳኙም አጋዘኑን የሚቀበለው ከእርሱ ነውና ያለ ልክ መግደል ባለ አደራውን መድፈር ነበር። የዓመቱ ታላቅ በዓል፥ ታላቁ ቤት በሚባለው አዳራሽ ውስጥ በመከር ወራት ለ12 ሌሊት ይከበር ነበር፤ በመካከሉ የሰው ፊት የተቀረጸበት ምሰሶ ቆሞ፥ ራእይ ያዩ ሰዎች ተራ በተራ እየተነሡ ራእያቸውን በዜማ ይናገራሉ፥ ስለ እህሉና ስለ አራዊቱ፥ ስለ ፀሐዩና ስለ ነፋሱ ምስጋና ያቀርባሉ።

በዚህ ስፍራ ስለ ምንጮች አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። ራፊኔስክ የተባለ የተፈጥሮ ሊቅ በ1836 ዋላም ኦሉም በሚል ስም፥ በእንጨት ላይ በሥዕል የተጻፈ የሌናፔዎች ጥንታዊ ዜና መዋዕል ነው ብሎ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ ብዙ ሊቃውንትም ከመቶ ዓመት በላይ እየጠቀሱ መጻሕፍት ጻፉበት። በ1990ዎቹ ዴቪድ ኦስትራይከር የተባለ ተመራማሪ የእጅ ጽሑፉን መርምሮ፥ ራፊኔስክ ራሱ እንግሊዝኛውን ወደ ሌናፔ ቋንቋ ለመመለስ የሞከረበት የፈጠራ ሥራ መሆኑን አሳየ። ለሕዝቡ የተሠራለት ይህ የሐሰት ክብር ከእውነተኛው ትውፊት ላይ ዐይንን ያነሣ ስለ ነበረ ጕዳቱ ቀላል አልነበረም። አስተማማኙ ነገር የሚገኘው፥ በጥንቃቄ ሲነበቡ፥ ከቀደሙት መንገደኞች፥ ከሕዝቡ ጋር ብዙ ዘመን ከኖሩት እንደ ዛይስበርገርና ሄክወልደር ካሉት የሞራቪያ ቤተ ክርስቲያን ሰባክያን፥ ከሁሉም ይልቅ ከሕዝቡ ከራሱ ሽማግሌዎች ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ነገር እንመለስ። ሆላንዳውያን የማንሃታንን ደሴት ገዛን የሚሉት ፒተር ስካግን የተባለ ሹም ኖቬምበር 5 ቀን 1626 በጻፈው ደብዳቤ ሲሆን፥ ዋጋው የ60 ጊልደር ዕቃ እንደ ነበር ይናገራል፤ የሽያጩ ውል ራሱ አልተገኘም። በቀድሞው የአገራችን የርስት ሥርዐት የአንድ አባት ተወላጅ ሁሉ በመሬቱ ድርሻ እንዳለውና፥ አንዱ ባለ ርስት የዘመዶቹን ሁሉ መብት ለባዕድ ሸጦ ሊያሳልፍ እንደማይችል ለሚያውቅ አንባቢ፥ የሌናፔዎችን አሳብ መረዳት አያስቸግረውም፤ ሳኪማው ስጦታ ተቀብሎ እንግዳውን በምድሪቱ ላይ ሲያስቀምጥ፥ አብሮ የመኖር ፈቃድ ሰጠ እንጂ ወገኑን ከምድሩ አልነቀለም። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ ሌናፔዎች ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የአውሮፓን ውል ትርጕም ፈጽመው እንደ ተረዱና፥ ፊርማቸውን እያዘገዩና እየከፋፈሉ የመከላከያ መሣሪያ እንዳደረጉት ያስረዳሉ። ይህም ትክክለኛ አስተያየት ይመስለኛል፤ ደካማው ወገን የኀይለኛውን ሕግ መማሩ ግን ሕጉን ፍትሐዊ አያደርገውም። በ1643 ሆላንዳዊው ገዥ ኪፍት ፓቮንያ በተባለው ስፍራ የተጠጉትን የአገሩን ተወላጅ ስደተኞች በሌሊት ባስፈጀ ጊዜ፥ የጐረቤትነቱ ፍጻሜ ታየ።

ዊልያም ፔን በ1682 በመጣ ጊዜ ሌላ መንገድ የሚቻል መስሎ ነበር። ፔን ከሳኪማው ከታማነንድና ከሌሎቹ አለቆች ጋር በሰላም ተዋውሎ፥ መሬት ሳይገዛ ላለመውሰድ ጠንቃቃ ሆነ፤ መታሰቢያውም በሁለቱ ወገኖች ዘንድ በፍቅር ተጠበቀ። ልጆቹ ግን በ1737 ያደረጉት ነገር፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተፈጸሙት የወረቀት ግፎች ሁሉ የከፋው ነው። ቶማስና ጆን ፔን፥ ጄምስ ሎጋን ከተባለው ሹም ጋር ሆነው፥ በ1686 ተጽፏል የሚሉትን ውል አቀረቡ፤ ቃሉም አንድ ሰው በአንድ ቀን ተኵል በእግሩ የሚሄደውን ያህል መሬት የሚሰጥ ነበር። ሌናፔዎች፥ ሰው ከወንዙ ዳር እያረፈና ምሳውን እየበላ በሚሄድበት አረማመድ የተለካ መስሏቸው ተስማሙ። ሹማምቱ ግን አስቀድመው በጫካው ውስጥ መንገድ አስጠርገው፥ ሦስት ብርቱ እግረኞች ቀጠሩ፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን ማለዳ ጕዞው ሲጀመር ከሌናፔ ወገን የተላኩት ታዛቢዎች ሊከተሏቸው አልቻሉም። ሁለቱ እግረኞች በመንገድ ደከሙ፤ ኤድዋርድ ማርሻል የተባለው ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ዘልቆ በማግስቱ እኩለ ቀን ቆመ። ከዚያም የወሰኑ መስመር ወደ ወንዙ በአቋራጭ በመሳብ ፈንታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እጅግ ርቆ እንዲሳብ ስለ ተደረገ፥ የተወሰደው መሬት ወደ 4,900 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ደረሰ። ሕዝቡ አልለቅም ባለ ጊዜ፥ በ1742 ኢሮኳ የተባሉት የሌሎች ተወላጅ ሕዝቦች ማኅበር አፈ ጉባኤ ካናሳቴጎ በፊላዴልፊያ ቆሞ ውጡ ብሎ አዘዛቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የፍልሰት ዜና ረዥም ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ሁለት ነገሮችን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አንደኛው፥ አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት ከአገሩ ተወላጆች ጋር በጽሑፍ ያደረገው የመጀመሪያው ውል ሴፕቴምበር 17 ቀን 1778 በፎርት ፒት ከሌናፔዎች ጋር የተፈራረመው ሲሆን፥ በ6ኛው አንቀጽ በሌናፔዎች መሪነት አንድ ግዛት ቆሞ በምክር ቤቱ እንደራሴ ሊኖረው እንደሚችል የሚናገር መሆኑ ነው፤ ተስፋው አንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ ሳይውል፥ ከፈራሚዎቹ ዋነኛው ዋይት አይስ በዚያው ዓመት ሞተ። ሁለተኛው በኦሃዮ፥ ግናደንሁተን በተባለች መንደር የተፈጸመው ነው። ክርስትናን የተቀበሉና የጦር መሣሪያ ላለማንሣት የወሰኑ ሌናፔዎችና ሞሂካኖች፥ ከተጋዙበት ስፍራ በረኃብ ተገፍተው፥ ትተውት የሄዱትን በቆሎ ለመሰብሰብ ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ የፔንስልቬንያ ሚሊሺያም ያዛቸው። ሌሊቱን በጸሎትና በመዝሙር ካሳለፉ በኋላ፥ ማርች 8 ቀን 1782፥ 28 ወንዶች፥ 29 ሴቶችና 39 ልጆች ተገደሉ። ከኦሃዮ ወደ ኢንዲያና፥ ከኢንዲያና ወደ ሚዙሪ፥ ከሚዙሪ ወደ ካንሳስ፥ በ1867ም ከቸሮኪዎች ጋር በተደረገ ስምምነት ዛሬ ኦክላሆማ ወደ ተባለው አገር ተገፉ፤ ሌሎቹ ወደ ካናዳ ኦንታሪዮ፥ ሌሎቹም ወደ ዊስኮንሲን ሄዱ። ዛሬ የፌዴራሉ መንግሥት የሚያውቃቸው ሦስቱ ማኅበሮች፥ በኦክላሆማ የዴላዌር ሕንዶች ነገድና ዴላዌር ኔሽን፥ በዊስኮንሲንም የስቶክብሪጅ መንሲ ማኅበር ናቸው፤ ሦስቱም ከአባቶቻቸው ወንዝ እጅግ ርቀው ይኖራሉ።

የሚያስደንቀው ግን በዚህ ሁሉ ፍልሰት ይዘው የቆዩት ነገር ነው። ታላቁን ቤት በኦክላሆማ ሜዳ ላይ እንደገና ሠርተው፥ ምሰሶውን አቁመው፥ ምስጋናውን አቀረቡ፤ በራእይ ሊያድጉ ይገባቸው የነበሩት ልጆች ግን ቋንቋቸው በማይነገርበት ትምህርት ቤት ይውሉ ስለ ነበረ፥ በዓሉን የሚሸከሙት ሽማግሌዎች እያነሱ ሄዱ፤ በሙሉ ሥርዐቱ ለመጨረሻ ጊዜ በ1924 በኮፓን ከተማ አቅራቢያ ተከበረ። በልጅነታቸው ይህን በዓል ካዩት መካከል ኖራ ቶምሰን ዲን (1907–1984) ይገኛሉ። እኚህ ሴት ቋንቋውን፥ የመድኀኒት ዕፀዋቱን ዕውቀትና ሥርዐቱን ለመጣ ሁሉ እያስተማሩ ኖሩ፤ በቤተ ሰባቸው የተጠበቀውን ሰህሳፕሲንግ የተባለ ጥቍር ሰማያዊ በቆሎ ዘሩን እየሰጡ አባዙት፤ ዛሬም ይዘራል። ድምፃቸውም በዚያ ትውልድ ተናጋሪዎች ድምፅ መካከል ተቀርጾ፥ በኢንተርኔት በተዘጋጀው የሌናፔ ተናጋሪ መዝገበ ቃላት ይሰማል።

ወንዙና ወደቡስ? የሌናፔዎች እጅ ከተነሣባቸው ወዲህ የደረሰባቸውን እንመልከት። የኒው ዮርክ ወደብ ኦይስተር፥ በከተማው ፍሳሽ ስለ ተበከለ፥ የመጨረሻዎቹ መልቀሚያዎች በ1927 ተዘጉ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በፊላዴልፊያ ፊት ለፊት ያለው ውሃ ኦክስጅኑ አልቆ ስለ ነበረ ሻድ ዓሣ አልፎ ሊወጣ አልቻለም። በ1961 የዴላዌር ወንዝ ተፋሰስ ኮሚሽን ተቋቁሞ፥ የ1972ቱም የንጹሕ ውሃ ሕግ ከወጣ በኋላ ወንዙ እያገገመ፥ ዓሣውም እየተመለሰ መጣ፤ በቶክስ ደሴት ሊሠራ የታቀደው ግድብም፥ ብዙ ሰው ከቤቱ ከተነሣ በኋላ፥ በ1975 ወንዙ በሚያልፍባቸው ግዛቶች ገዥዎች ድምፅ ታገደ፤ በዚህም ምክንያት ዋናው ወንዝ እስከ ዛሬ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ግድብ ይፈሳል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትም ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን በኮሚሽኑ ውስጥ አራቱ ግዛቶችና የፌዴራሉ መንግሥት አምስት ድምፅ ሲኖራቸው፥ ወንዙ ስሙን ለሰጣቸው ሕዝብ ግን የተለየ ወንበር የለም።

ያልፈለሱትም አሉ። በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ወሰን ባሉት ተራሮች የሚኖሩት ራማፖዎች፥ በደቡብ ኒው ጀርሲ በብሪጅተን ከተማ ያሉት ናንቲኮክ ሌኒ ሌናፔዎች ግዛታቸው ዕውቅና ሰጥቷቸዋል፤ የራማፖዎችን ጥያቄ ግን የፌዴራሉ መንግሥት በ1990ዎቹ አልተቀበለም። ራማፖዎች በሚኖሩበት በሪንግውድ፥ በተተዉት የብረት ማዕድን ጕድጓዶችና በቤቶቻቸው አጠገብ፥ የማዋ ከተማው የፎርድ መኪና ፋብሪካ የቀለም ዝቃጭ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተጣለ። ያን ዱር ያድኑበት፥ ዕፀዋት ይለቅሙበትና ውሃ ይቀዱበት የነበሩት ራማፖዎች ናቸው። ስፍራው በ1983 በአገሪቱ የተመረዙ ቦታዎች መዝገብ ገባ፤ ነጽቷል ተብሎ በ1994 ተሰረዘ፤ ዝቃጩ ግን ገና ስለ ተገኘ በ2006 እንደገና ተመዘገበ፤ በ2022ም የኒው ጀርሲ ግዛት ኩባንያውን ከሰሰ። ከሪንግውድ አፈር መብላት ያልቻሉት የራማፖዎች የኤሊ ነገድ ሰዎች፥ ኒውተን በተባለች ከተማ አጠገብ እርሻ ይዘው በቆሎ፥ አደንጓሬና ዱባ፥ የመድኀኒት ዕፀዋትም ያበቅላሉ። ስለ አገር ተወላጆች የተፈጥሮ ጥበብ የሚያወራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይህን ስፍራ ቢያውቅ በወደድሁ።

በፍርድ ቤት በኩል የተሞከረውም ይታወቅ። ዴላዌር ኔሽን በ2004፥ የ1737ቱ ጕዞ ማታለል ስለ ነበረ፥ ታታሚ የተባለው አለቃ ይዞት የነበረው 315 ኤከር መሬት ይመለስልን ብሎ ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2006 ክሱን ሳይቀበል ሲቀር፥ ማታለል ነበረ ቢባል እንኳ ሉዓላዊ ባለ ሥልጣን የተወላጆችን ጥንታዊ መብት የሻረበትን አኳኋን ፍርድ ቤት ሊመረምር አይችልም አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ለመስማት አልፈቀደም። የዴላዌር ሕንዶች ነገድም ራሱ በ1979 ዕውቅናው ተነሥቶበት፥ በ1996 ተመልሶለት፥ በ2004 ዳግመኛ ተወስዶበት፥ በ2009 ነው የጸናለት።

በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሕዝብ፥ ከወገኖቻችንም ጥቂት የማይባሉ፥ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። በትምህርት ቤቶችና በሙዚየሞች የስብሰባ መክፈቻ ላይ ይህ ምድር የሌናፔዎች ነበረ የሚል ቃል ማንበብ ተለምዷል፤ ደግ ልማድ ነው፥ ግን ከንባቡ በኋላ የሚሆነው ነገር ይበልጥብኛል። የሌናፔ ማእከል የተባለው ማኅበር ከ2009 ጀምሮ በማንሃታን ይሠራል፤ በ2022 በብሩክሊን ቤተ መጻሕፍት ያቀረበው ትርኢት በሌናፔዎች አስተባባሪነት በከተማው ከተዘጋጁት የመጀመሪያው ነበር። በፌዴራሉ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ መሠረት ደግሞ፥ በመንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ መንገድ ሲቈረጥ፥ ድልድይ ሲሠራ፥ የነዳጅ ቧንቧ ሲቀበር፥ ዕውቅና ያላቸውን ማኅበሮች ማማከር ግዴታ ነው። ስለዚህ የዴላዌር ሕንዶች ነገድ የቅርስ ጥበቃ ሠራተኞች፥ በ1737 ከተወሰደው ምድር የሚመጣላቸውን የቍፋሮ መዝገብ እየመረመሩ አስተያየታቸውን ይጽፋሉ፤ ሕጉ እንዲጠየቁ ቢያዝም፥ የመጨረሻው ውሳኔ የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ነው።